ነገ እንደ ትናንት ይሆናልን? ስለ ተፈጥሮ ሕግና ስለ አገራችን ታሪክ

ገበሬ በሰኔ ወር ከጎተራው እህል አውጥቶ በጭቃ ላይ ሲበትን ያየ፥ እርሻ የሚባል ነገር የማያውቅ እንግዳ ሰው ቢኖር፥ ይህ ሰው አብዷል ሊል ይችላል። ልጆቹ ሊበሉት የሚችሉትን እህል ነውና የሚጥለው። እኛ ግን እብደት ነው አንልም። ባለፈው ዓመት በቅሏል፤ ካቻምናም በቅሏል፤ በአያቶቻችንም ዘመን ይበቅል ነበር፤ ስለዚህ ዘንድሮም ይበቅላል እንላለን። ይህችን «ስለዚህ» የምትባለውን አንዲት ቃል ጠጋ ብለን ስንመረምራት፥ ለብዙ መቶ ዓመታት ፈላስፎችን ያስጨነቀች ቃል ሆና እናገኛታለን። ካየነው ተነሥተን ወዳላየነው፥ ከጥቂቱም ተነሥተን ወደ ሁሉ የምንሻገርበት ይህ አካሄድ በአውሮፓውያን ዘንድ ኢንዳክሽን ይባላል። በፊዚክስ መጽሐፋችን የተፈጥሮ ሕግ ተብለው የተጻፉት ሁሉ ያለዚህ አካሄድ የሚታመኑ አይደሉም። ታዲያ መንገዱ ራሱ ይታመናልን? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከአገራችን፥ ይልቁንም ከጣራ ገዳም ግርጌ ወደ ጣና ከተዘረጋው ከፎገራ ሜዳ ታሪክ እየጠቀስሁ ለአንባብያን ለማቅረብ አስቤአለሁ።

ፍልስፍና ካነሣህ ስለ ዘርዐ ያዕቆብ ለምን አትጽፍም ያሉኝ ጓደኞች ነበሩ። እርግጥ ነው፤ ሐተታው እንደሚተርከው ፈላስፋው የኖረው በእንፍራንዝ ነው፤ እንፍራንዝም ከአዲስ ዘመን ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ጎረቤታችን ናት። ሊቃውንት ግን መጽሐፉን ዘርዐ ያዕቆብ በ17ኛው መቶ ዓመት ጻፈው ወይስ በ19ኛው መቶ ዓመት በጋይንት ተቀምጦ የነበረው ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ አባ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ደረሰው እያሉ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ደግሞም ሐተታው አጥብቆ የሚጠይቀው ሰዎች እርስ በርሳቸው ስለሚቃረኑበት ሃይማኖት ነው። የኔ ጥያቄ ከዚያ ዝቅ ያለ ነው፤ ከአባቶቻችን የተቀበልነው የውኃና የመሬት ዕውቀት ነገም ይሠራልን የሚል ነው።

የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ወደ ግብፅ ወርዶ፥ ዝናብ በሌለበት አገር ዓባይ በየዓመቱ ለምን እንደሚሞላ ጠይቆ ነበር። ከሰማቸው አሳቦች አንዱ፥ በደቡብ ባሉ ተራሮች ላይ በረዶ ስለሚቀልጥ ነው የሚል ነበር። ሄሮዶቱስ ይህን አሳብ አልተቀበለውም። ከደቡብ የሚመጣው ነፋስ ትኩስ ነው፤ የአገሩም ሰዎች ከፀሐይ ብዛት የጠቆሩ ናቸው፤ እንዲህ ባለ አገር በረዶ ከየት ይመጣል አለ። አስተሳሰቡ ሞኝነት አይደለም። ከሰሜን ወደ ደቡብ በሄደ ቁጥር ሙቀት ሲጨምር አይቷል፤ ስለዚህ ገና ወደ ደቡብ ቢሄድ ሙቀቱ ይብስ ይሆናል እንጂ አይቀንስም ብሎ ደመደመ። ነገር ግን እርሱ ደረስሁ ያለው እስከ አስዋን አካባቢ ነው። ወደ ደቡብ በሄዱ ቁጥር ይሞቃል የሚለው ደንብ መሬቱ ከፍ እስካላለ ድረስ ብቻ የሚሠራ መሆኑን የነገረው አልነበረም። የዓባይ ሙላት ምክንያት በረዶ እንዳልሆነ፥ በእኛ ተራሮች ላይ የሚወርደው የክረምት ዝናብ እንደ ሆነ ዛሬ የታወቀ ነው። በረዶ ሊኖር አይችልም ማለቱ ግን ትክክል አልነበረም።

በረዶ መኖሩን ከማንም በፊት የጻፈው የአገራችን ንጉሥ ነው። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት፥ ዐፄ ካሌብ ወደ ሒምያር ሊዘምቱ ሲዘጋጁ፥ በአዱሊስ ወደብ ከነበረ የእብነ በረድ ዙፋን ላይ አንድ የግሪክኛ ጽሑፍ ገልብጦ ነበር። ጽሑፉ ከካሌብ ዘመን በፊት የነበረ የአክሱም ንጉሥ የዘመተበትን አገር ሲዘረዝር፥ ስሜንን በረዶ የለበሰና ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት ተራራ ብሎ ይጠራዋል። ይህ ከተጻፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው ከምጽዋ ተነሥቶ ሊማሊሞን አቋርጦ በ1770 በአውሮፓ አቆጣጠር ጎንደር ገባ። በጣና ምሥራቅ በእንፍራንዝ በኩል ያለፈ፥ አገራችንንም በእግሩ የረገጠ መንገደኛ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በስሜን በረዶ አላየሁም አለ። ከእርሱ በኋላ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ግን የስሜን ተራራ ነጭ ሆኖ አየው። ብሩስ ለምን እንዳላየ ምክንያቱንም ሰጠ፤ ብሩስ ከተራራው ግርጌ አልፎ ሽቅብ አልወጣም ነበር። ከ4500 ሜትር በላይ ከፍ የሚለውን የራስ ዳሽንን ነገር ከሊማሊሞ መንገድ ላይ ሆኖ መፍረድ አይቻልም።

ይህን ነገር ሳነብ በጣም የገረመኝ፥ የኢንዳክሽንን ጥያቄ ከሁሉ አጥብቆ የጠየቀው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩምም የስኮትላንድ ሰው መሆኑ ነው። በ1711 በኤዲንብራ ተወልዶ በዚያው ከተማ በ1776 ሞተ። የብሩስ የጉዞ መጽሐፍም በዚያው ከተማ በ1790 ታተመ። ሁለቱ ሰዎች የአንድ አገርና የአንድ ዘመን ናቸው፤ በረዶም በሂዩም መጽሐፍ ውስጥ አለ። ታሪኩን አስቀድሞ የነገረው በ1690 ጆን ሎክ ነው። አንድ የሆላንድ መልእክተኛ ለሲያም ንጉሥ፥ በእኛ አገር በብርድ ጊዜ ውኃ ስለሚደነድን ሰው ይሄድበታል፥ ዝሆን እንኳ ቢኖር ይሸከመዋል ብሎ ነገረው። ንጉሡም እስካሁን የነገርኸኝን እንግዳ ነገር ሁሉ አምኜህ ነበር፥ አሁን ግን መዋሸትህን ዐወቅሁ አለው። ሂዩም ይህን መሰል ታሪክ በ1748 ባሳተመው መጽሐፍ አንሥቶ፥ ሰውየው በደንብ ነው የፈረደው ይላል፤ ያላየው የአየር ጠባይ ካየው ተነሥቶ ሊታወቅ አይችልምና። ይህ ፍርድ ለሄሮዶቱስም የሚሆን ይመስለኛል።

የሂዩም ክርክር በአጭሩ እንዲህ ነው። ሁለትና ሁለት አራት አይደለም ቢባል አእምሮ እምቢ ይላል፤ ነገ ፀሐይ አትወጣም ቢባል ግን ሐሰት ይመስለናል እንጂ ነገሩ እርስ በርሱ አይጋጭም። ስለዚህ ነገ እንደ ትናንት መሆኑ በአእምሮ ብቻ አይረጋገጥም። በልምድ ይረጋገጣል ቢባልስ? እስከ ዛሬ ነገ ሁሉ ትናንትን ሲመስል ኖሯል፤ ስለዚህ ወደፊትም ይመስላል ማለት ይሆናል። ይህ ደግሞ ለራሱ ራሱ ዋስ መሆን ነው። በዳኛ ፊት እንዲህ ያለ ዋስ የሚቀበል የለም። ታዲያ ሰው ለምን ያምናል ቢባል፥ ስለ ለመደ ነው ይላል ሂዩም። ከሂዩም በፊት በ1111 የሞተው የእስላም ሊቅ አል ገዛሊ፥ እሳት ጥጥን ሲነካ ጥጡ ሲቃጠል እናያለን እንጂ እሳቱ የግድ የሚያቃጥል መሆኑን አናይም፥ የሚያደርገው እግዚአብሔር ነው ብሎ ነበር። ሂዩም የሚመሳሰለውን ነገር ተናግሮ ከልማድ በላይ አልሄደም።

ከዚያ በኋላ ብዙዎች መልስ ለመስጠት ደክመዋል። ካንት የምክንያትና የውጤት ሕግ ከልምድ የተገኘ ሳይሆን አእምሮአችን ለሚያየው ነገር ሁሉ የሚሰጠው መልክ ነው አለ። ጆን ስቱዋርት ሚል በ1843 ተፈጥሮ አንድ ዓይነት ጠባይ አላት በሚለው እምነት ላይ ቆመ፤ ይህም እምነት ራሱ በኢንዳክሽን የተገኘ መሆኑን አልደበቀም፤ እንግዲህ ያው ዋስ ተመልሶ መጣ። በርትራንድ ረስል በ1912 ስለ ዶሮ ጻፈ፤ በየቀኑ የሚመግባት ሰው አንድ ቀን አንገቷን ይቈለምማል። ለፋሲካ ዋዜማ ዶሮ ለሚያርድ ለኛ አገር ልጅ ይህ ምሳሌ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከሊቃውንቱ ክርክር ይልቅ ነገሩን የገለጠልኝ በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ያየሁት ነው። ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብለን ተምረናል። መምህራችን ቴርሞሜትሩን በሚንተከተከው ውኃ ውስጥ ነክረው አንብቡ ሲሉን 94 ላይ ቆመ። እሳቱ ቢጨመርም ከዚያ አላለፈም። መጽሐፉ ሐሰት ጽፎ አይደለም፤ የተጻፈው በባሕር ጠረፍ ለሚፈላ ውኃ ነው እንጂ። ከፍታ በ300 ሜትር ገደማ በጨመረ ቁጥር የመፍያው ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ወደ ጣራ ገዳም ቢወጡ ከዚህም ያንሳል። እንዲያውም በ19ኛው መቶ ዓመት አገራችንን የለካው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ፥ ውኃ እያፈላ የተራሮችን ከፍታ ያወጣ ነበር። በቆላ ብቻ የኖረ ሰው አንድ ሺህ ጊዜ ቢያፈላ አንድ ሺህ ጊዜ ያው ቍጥር ይወጣለታል፤ ከፍታ የሚባል ነገር በሕጉ ውስጥ ተደብቆ እንዳለ ግን አንድም ጊዜ አያይም። የሄሮዶቱስም የብሩስም ነገር ይኸው ነው። ደንቡን የሚሸከመው ነገር ሳይለወጥ ሲኖር አይታይም።

ሂዩም ትናንት የመገበኝ እንጀራ ነገም ይመግበኛል የሚል ማረጋገጫ የለኝም ብሎ ነበር። በአውሮፓ ይህ የፈላስፋ ጨዋታ ይመስል ይሆናል። በፎገራና በደንቢያ ግን ጨዋታ አይደለም። ጓያ ውኃ ሸሽቶ በቀረው እርጥበት ላይ የሚበቅል፥ ድርቅን የሚችል፥ ድኻን የሚያወጣ እህል ነው። በሽሮ መልክ ከሌላ እህል ጋር በመጠኑ ሲበላ ሰውን አይጎዳም፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ያምነዋል። ክረምቱ ከድቶ ሌላው እህል ሲጠፋና ቤተ ሰቡ ለሁለት ለሦስት ወር ጓያን ብቻ ሲመገብ ግን፥ ትናንት ደኅና የነበረው ጎልማሳ እግሩ እየከበደው ሄዶ በምርኩዝ ይቀራል። የዳነ እግር የለም። መርዙ ምን እንደ ሆነ በኬሚስቶች የታወቀው በ1964 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የበላው ሰው ያደረገው ሁላችንም የምናደርገውን ነው፤ ብዙ ጊዜ ሳይጎዳው የቀረውን ነገር አመነ። የተደበቀው ነገር መጠኑ ነበር፤ መጠኑም የሚታወቀው በራብ ዘመን ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ክፉ ቀን የተባለው ከ1880 እስከ 1884 ዓመተ ምሕረት የነበረው ዘመን ነው። በ1880 መጀመሪያ ገደማ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገባ፤ የጣሊያን ጦር ከባሕር ማዶ ካስመጣቸው ከብቶች ጋር እንደ መጣ ይነገራል። አገሩ እንዲህ ያለ ዕልቂት አይቶ አያውቅም ነበር። ከብት በየጊዜው ይታመማል፥ ጥቂት ይሞታል፥ የቀረው ይዋለዳል፤ የአባቶች ልምድ ይህን ብቻ ነበር የሚያውቀው። አሁን ግን ከመቶው ከብት 90ው እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ከሌለ ሞፈርና ቀንበር እንጨት ናቸው። በዚያው ዘመን ዝናብ ቀረ፤ አንበጣና ተምችም ተከተሉ፤ የእኛ በጌምድር ደግሞ በ1880 ድርቡሾች ጎንደርን ያቃጠሉበት አገር ነው። ሰዎች በእጃቸው ቈፈሩ፤ ዐፄ ምኒልክም ለሕዝቡ ምሳሌ ለመሆን ዶማ ይዘው መቈፈራቸው በታሪክ ተጽፏል። ከአገሩ ሕዝብ ሢሶው አልቋል የሚል ግምት አለ።

ይህን ታሪክ ሳስብ ስለ ሂዩም ያለኝ አሳብ ይለወጣል። የዚያ ዘመን ገበሬ በሬዬ ነገም አለ ብሎ ማመኑ ስሕተት ነበር ማለት አይቻልም፤ ሌላ ምን ሊያምን ይችል ነበር? ነገር ግን የልምዱ ሁሉ መሠረት አንድ ያልታየ ነገር ነበር፤ በሽታው እስከዚያ ቀን ወደዚህ አገር ያልተሻገረ መሆኑ። ይህን ማንም እንደ ምክንያት ቈጥሮት አያውቅም ነበር፤ ምክንያት መሆኑ የታወቀው ከጠፋ በኋላ ነው። በሽታው እስከ ደቡብ አፍሪካ ደርሷል። በ2003 ዓመተ ምሕረት ደግሞ ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሰው ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። ይህን ያደረገው ክትባት ነው፤ ክትባቱም የተገኘው በሺህ ከብት የሠራ ነገር በሚሊዮን ከብትም ይሠራል በሚል በዚያው ባልተረጋገጠ «ስለዚህ» ነው። ሂዩም ይህን ቢሰማ የሚከፋው አይመስለኝም። እመኑ ወይም አትመኑ አላለም፤ ለማመናችሁ ዋስ የላችሁም ነው ያለው።

ጥቂት በሆነች ስሕተትም ነገሩ ይታያል። የባሕረ ሐሳብ መምህራን መጥቅዕና አበቅቴን ሲያወጡ ሁለቱ ተደምረው 30 መሆናቸውን ያውቃሉ፤ በ19 ዓመት ፀሐይና ጨረቃ እንደሚገናኙ፥ በየአራት ዓመቱም ጳጉሜን 6 እንደምትሆን ያውቃሉ። ይህ ሁሉ በሰው ዕድሜ ውስጥ የማይናወጥ ነው። የፀሐይ ዓመት ግን ከ365 ቀን ከሩብ በ11 ደቂቃ ያህል ያንሳል፤ ይህችም በ128 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ትሆናለች። አውሮፓውያን በ1582 ያረሙት ይህንን ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 የዐድዋ ድል ሲሆን በእነርሱ አቆጣጠር ማርች 1 ነበር፤ ዛሬ የካቲት 23 በማርች 2 ይውላል። ማንም አልተሳሳተም፤ ደንቦቹ ሁለት ስለ ሆኑ ነው። ዐሥራ አንድ ደቂቃ በአንድ ዓመት ውስጥ ማን ያያታል?

ካርል ፖፐር የተባለው የቪየና ሰው በ1934 ለሂዩም ሌላ መልስ አቀረበ። ሕግ በብዙ ምስክር አይረጋገጥም፤ በአንድ ተቃራኒ ምስክር ግን ሊወድቅ ይችላል፤ ስለዚህ የዐዋቂ ሥራ ደንቡ የሚወድቅበትን ቦታ መፈለግ ነው አለ። ከ1687 ጀምሮ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሳይናወጥ የኖረው የኒውተን ሕግ፥ አንስታይን በ1915 በሜርኩሪ ጉዞ ላይ የነበረችውን ትንሽ ጕድለት ከፈታ በኋላ፥ የሚሠራበት ወሰን ታወቀለት። ፖፐር ሁሉን መልሷል አልልም። ሰው ድልድይ ሲሻገር ያልወደቀው ድልድይ ይሻላል ብሎ ነው የሚሻገረው፤ ለምን ይሻላል ቢባል ያው ጥያቄ ይመጣል። ሆኖም እርሱ የነገረን ነገር በፎገራ ተደርጎ አይቻለሁ።

የፎገራ ሜዳ፥ ርብና ጉማራ ከጉና ወርደው ክረምቱን ሁሉ ስለሚያጥለቀልቁት፥ በረግረጉ ክፍል ለከብት ግጦሽ ካልሆነ ለክረምት እህል የማይሆን መሬት ተብሎ የኖረ ነው። ጤፍ የዘራ በውኃ ይቀርበታል። ይህ ደንብ ስንት ትውልድ የፈተነው ነበር። በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት የሰሜን ኮርያ ባለሞያዎች መጥተው በሻጋና በጅግና የአምራች ማኅበሮች ሩዝ ተሞከረ። ኋላም ከማኅበር እርሻ ወጥቶ በገበሬው ማሳ ተስፋፋ። ይህ መሬት በክረምት አያበቅልም የሚለው ደንብ፥ በእጃችን ካለው ዘር የተነሣ እንጂ ከመሬቱ የተነሣ እንዳልነበረ በዚህ ታወቀ። ዛሬ በወረታ ገበያ የሩዝ መፈልፈያው ድምፅ የማይሰማበት ቀን የለም፤ ነጭ ወርቅ እየተባለ ይጠራል፤ የእንጀራ ሊጥ ውስጥም ገብቷል።

አያቴ ሩዝ ከዘሩ ቀደምት ሰዎች አንዱ ናቸው። አባባ፥ ያን ጊዜ ይበቅላል ብለው አምነው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ኧረ አላመንሁም፤» አሉኝ፤ «ጤፉ እንደሚሞት ግን አውቅ ነበር። እንግዲህ የሚሞተው መሬት ላይ ነው የሞከርሁት።» የዘሩት በማሳቸው ዝቅተኛ ጥግ፥ ውኃ በሚተኛበት በኩል ብቻ ነበር። ላይኛውን እንደ ድሮው ተዉት። ፖፐርን አያውቁም፤ ነገር ግን ደንቡ ቢወድቅ የሚጠቅምበትን፥ ባይወድቅም የማይጎዳበትን ቦታ መርጠዋል። በክፉ ቀን ገበሬው እንዲህ ያለ ጥግ አልነበረውም፤ ሁለቱም በሬዎቹ ከአንድ ቀንበር ሥር ነበሩ።

አሁን ሜዳው ሩዝን እንደ ጥንት እህል ለምዶታል፤ አብዛኛው ገበሬ ለረጅም ጊዜ የዘራውም ከጅግና ስሙን ያገኘውን ኤክስ ጅግና የሚባለውን አንዱን ዘር ነው። በርብ ላይም ግድብ ተሠርቷል፤ ሽማግሎች የሚያውቁት የርብ ጠባይ ግድብ ያልነበረበት የርብ ጠባይ ነው። አያቴ ዘንድሮ ከወረታው የሩዝ ምርምር ማእከል የወጣ አዲስ ዘር አግኝተው፥ ከኤክስ ጅግናው አጠገብ በግማሽ ቃዳ መሬት ላይ ዘርተዋል። አጨዳው በኅዳር ነው።